የባትሪ ተርሚናል (ለመኪና ሙዚቃ)

የባትሪ ተርሚናል የመኪና ባትሪን ምሰሶ ከገመድ ጋር የሚያገናኝ ማሰሪያ ነው። በመኪና ሙዚቃ ላይ ፈተናው አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) የሚስበው ከፍተኛ ጅረት ነው፦ 100 አምፔር ሲያልፍ መጋጠሚያው 0.01 ኦም ብቻ ቢከላከል 1 ቮልት ይባክናል፣ 100 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፣ ባሱም ይደክማል። ስለዚህ ከስስ ቆርቆሮ ይልቅ ወፍራም ነሐስ ይመረጣል፤ የወርቅ ቅብ ግን የላላውን አያጠብቅም።

ልክ ወሳኝ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚገኘው ቀጭን ምሰሶ በፖዘቲቭ 14.7፣ በኔጋቲቭ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፍራሙ 19.5 እና 17.9። ለወፍራሙ የተሠራ ማሰሪያ ቀጭኑን ጨብጦ አይዝም፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ ንዝረቱ ይበልጥ ያላላዋል።

ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ ዝገት በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ይታጠባል፤ ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ቫዝሊን ይቀባል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል። የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም።