በበርካታ ሰርቨሮች የተከፋፈለ ምስጢርን በአንድ የይለፍ ቃል ስለመጠበቅ

የይዞታ ማረጋገጫ ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃና የመሳሰሉት የግል ሰነዶች በእጅ ስልክ ላይ ብቻ ሲቀመጡ ከስልኩ ጋር ይጠፋሉ። በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ሲቀመጡ ደግሞ ያ ሰርቨር በተጠቃ ዕለት ይጋለጣሉ። ይህ ጽሑፍ ምስጢርን ለበርካታ ሰርቨሮች አከፋፍሎ በባለቤቱ የይለፍ ቃል ብቻ እንዲገኝ የሚያደርገውን ዘዴ ያስረዳል።

የአንድ ሰርቨር ጥበቃ ለምን አይበቃም?

በአግባቡ የተሠራ ሰርቨር የይለፍ ቃልን በግልጽ አያስቀምጥም፤ ወደ ሌላ መልክ ለውጦ ይመዘግበዋል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ከተሰረቀ ሌባው በራሱ ኮምፒውተር ያለ ከልካይ ግምቱን ይሞክራል። ባለ 4 አሃዝ የምስጢር ቁጥር 10,000 አማራጮች ብቻ ስላሉት በአጭር ጊዜ ይገኛል።

የዘዴው መሠረት

በብዙ እድሮች የገንዘብ ሣጥን ከአንድ በላይ ቁልፍ ይበጅለታል፤ ቁልፎቹም በተለያዩ የኮሚቴ አባላት እጅ ስለሚቀመጡ አንዱ ብቻውን ሊከፍት አይችልም። ተመሳሳይ ሐሳብን በሒሳብ ቀመር ያስቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1979 አዲ ሻሚርና ጆርጅ ብላክሊ፣ በየፊናቸው ናቸው። በእነርሱ ቀመር ሁሉም ቁልፍ ያዦች መገኘት አይጠበቅባቸውም። ለምሳሌ ምስጢሩ ለ5 ሰርቨሮች ተከፋፍሎ ማናቸውም 3ቱ ሲተባበሩ እንዲገኝ ማድረግ ይቻላል። 2ቱ ቢዘረፉ ሌባው ስለ ምስጢሩ ምንም አያውቅም፤ 2ቱ ቢበላሹም ባለቤቱ ምስጢሩን አያጣም።

ቀሪው ጥያቄ ሰርቨሮቹ ባለቤቱን በምን ያውቁታል የሚለው ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የይለፍ ቃሉን መዝገብ ከያዘ የአንዱ መሰረቅ ብቻ ለግምት በር ይከፍታል። ይህን ችግር የሚፈታውን በይለፍ ቃል የተጠበቀ የምስጢር ክፍፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ስታኒስላው ያሬኪና የጥናት ባልደረቦቻቸው አቅርበዋል።

አሠራሩ

1. በምዝገባ ጊዜ ስልኩ ሰነዱን በቁልፍ ይመሰጥራል፤ ቁልፉንም ከይለፍ ቃሉ ጋር አስተሳስሮ ድርሻውን ለየሰርቨሩ ይልካል።
2. ሰነዱ ሲፈለግ ስልኩ የይለፍ ቃሉን በዘፈቀደ ቁጥር ሸፍኖ ለሰርቨሮቹ ይልካል። ሰርቨሮቹ በየድርሻቸው አስልተው ይመልሳሉ እንጂ የይለፍ ቃሉን አያዩም።
3. ስልኩ ሽፋኑን አንሥቶ የ3 ሰርቨሮችን መልስ ያጣምራል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነ ቁልፉ ይገኛል።

በመሆኑም ሌባው ሰርቨሮቹን ሳይጠይቅ ግምቱን መፈተሽ አይችልም፤ ሰርቨሮቹም የጥያቄዎችን ብዛት ይገድባሉ። ሙከራው በ5 ቢወሰን በዘፈቀደ የተመረጠ ባለ 4 አሃዝ ቁጥርን የማግኘት ዕድል ከ2,000 አንድ ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ በመርሐቤቴ ወረዳ፣ ዓለም ከተማ የሚኖር ባለቤት ስልኩ ቢጠፋበት በሌላ ስልክ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሰነዱን ካለበት ሆኖ ያገኛል።

ዘዴው የማይከላከላቸው

• ከ5ቱ 3 ሰርቨሮች በአንድ እጅ ከወደቁ ያለ ገደብ መገመት ይቻላል። ስለዚህ ሰርቨሮቹ በተለያዩ ተቋማት ሥር መሆን አለባቸው።
• የይለፍ ቃሉ በአስመሳይ ገጽ ወይም በቫይረስ በተጠቃ ስልክ ላይ ከገባ ምስጢሩ ይጋለጣል።
• ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ከሰርቨሮቹ አንዱም ሊያስታውሰው አይችልም።

ከተጠቃሚው የሚጠበቅ

• እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም ከዚያ በላይ ቃላትን በዘፈቀደ ይምረጡ፤ ስምና የልደት ዘመን አይጠቀሙ።
• የይለፍ ቃልዎን ለሚረዳዎት ሰውም ሆነ ለአገልግሎት ሠራተኛ አይንገሩ፤ ራስዎ ያስገቡ።
• የመርሳት ሥጋት ካለብዎት በወረቀት ጽፈው ከስልክዎ ተለይቶ በሚቆለፍ ቦታ ያኑሩ።
• የፋይዳ ቁጥርዎን ወይም የስልክ ቁጥርዎን የይለፍ ቃል አያድርጉ።

የሕግ ማዕቀፍ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታን የሚይዙ ተቋማት ተገቢውን የደኅንነት ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ ማግኘት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።