የከፍታ ገደብ፦ ጣሪያው፣ ወለሉና ቁርጡ

ፓይለቶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «አልቲትዩድ ሪስትሪክሽን» ነው የሚሉት፤ እዚህ «የከፍታ ገደብ» እንለዋለን። ለማረፍ መውረድ የጀመረ አውሮፕላን በመስመሩ ላይ ያለችን አንዲት ነጥብ ሲያልፍ በስንት ጫማ ከፍታ ላይ መሆን እንዳለበት የሚደነግግ ግዴታ ነው። ነጥቧ መሬት ላይ የምትታይ ነገር አይደለችም። በካርታና በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለች፣ ስም የወጣላት ቦታ ናት።

ገደቡ እንደ ዓይነቱ የተለያየ ስም ይፈልጋል። «ከ10,000 ጫማ እንዳትበልጥ» የሚለውን ጣሪያ፣ «ከ10,000 ጫማ እንዳታንስ» የሚለውን ወለል ብንል፣ ሁለቱንም ከዋጋና ከደመወዝ ወሬ ስለምናውቃቸው የሚያደናግር የለም። «ልክ በ10,000 እለፍ» ለሚለው ደግሞ ከገበያ «ቁርጥ»ን ብንዋስ ያስኬዳል፦ ቁርጥ ዋጋ እንደሚባለው ቁርጥ ከፍታ። የካርታው አሳሳልም ከስሞቹ ጋር ይገጥማል። ከቁጥሩ በላይ ከተሰመረ ጣሪያ፣ ከሥሩ ከተሰመረ ወለል፣ ከላይም ከታችም ከተሰመረ ቁርጥ ነው። አንዳንዴ ሁለት ቁጥሮች ተደራርበው ይጻፉና አውሮፕላኑ በመሃላቸው እንዲያልፍ ይጠየቃል።

ምክንያቱ ብዙ አያነጋግርም፤ ከሥር ተራራ አለ፣ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሌላ አውሮፕላን አለ፣ ወይም የጎረቤት ተቆጣጣሪ ክልል አለ። የሚያነጋግረው ሌላ ነው፦ ገደቡ የሚጸናው ከየት እስከ የት ነው? ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ፈቃድ ሲሰጥስ ካርታው ላይ የታተመው ቁጥር ይሻራል ወይስ ይቀጥላል?

ይህ ጥያቄ ሰው ገድሏል። አደጋው የደረሰው ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያርፍበት፣ ብዙ ወገኖቻችንም ዙሪያውን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ አቅራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 የቲ ደብሊው ኤ በረራ 514 ለከተማው ቅርብ ወደሆነው ናሽናል ማረፊያ ሲሄድ በነፋስ ምክንያት ወደ ደለስ እንዲዞር ተደረገ። ቦይንግ 727 ነበር። ከደለስ 44 የባሕር ማይል ርቆ ሳለ ተቆጣጣሪው ለማረፍ እንዲቀርብ ፈቀደለት፤ እስከ ስንት ጫማ ድረስ መውረድ እንደሚችል ግን አልነገረውም። አብራሪዎቹ ፈቃዱን «ወደ 1,800 ጫማ ውረዱ» ብለው ተረዱት። የ1,800 ጫማው ወለል ግን የሚሠራው ራውንድ ሂል የተባለችው ነጥብ ከታለፈች በኋላ ነበር። ከእርሷ በፊት ላለው መንገድ ካርታው 3,400 የሚል ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩን አይተው በኮክፒት ውስጥ ተነጋግረውበታል። ሆኖም ፈቃድ ከተሰጠን መውረድ እንችላለን የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። አውሮፕላኑ ከማረፊያው በስተሰሜን ምዕራብ ማውንት ዌዘር ከተባለው ተራራ ጋር ተጋጨ፤ የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ከምርመራው ጎልቶ የወጣው የሁለት ወገኖች ግምት ነበር። አብራሪው «ተቆጣጣሪው ከፈቀደልኝ ከተራራው አስጥሎኛል ማለት ነው» ይላል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ «ካርታው በእጁ ነው፣ ከተራራው ራሱን መጠበቅ የእርሱ ፋንታ ነው» ይላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አባላት ራሳቸው ሦስት ለሁለት ተከፍለው ነው ውሳኔ የሰጡት። የሚያበሳጨው ደግሞ፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት አንድ የዩናይትድ አውሮፕላን በዚያው አቀራረብ ከዚያው ተራራ ለጥቂት ማምለጡ ነው። ዩናይትድ የራሱን ፓይለቶች አስጠንቅቆ ነበር፤ ወሬው ወደ ሌሎች አየር መንገዶች የሚሻገርበት መንገድ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 በናሳ ሥር የተቋቋመው፣ ፓይለቶች ስሕተታቸውን ሳይፈሩ የሚያሳውቁበት ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ነው። በሕጉም በኩል፣ አብራሪው በካርታ ወደታተመው የአቀራረብ መስመር እስኪገባ ድረስ መጨረሻ የተሰጠውን ከፍታ ይዞ እንዲቆይ ተደነገገ።

ጥያቄው ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በአሜሪካ ተቆጣጣሪው «ዲሰንድ ቪያ» ካለ፣ «የታተሙትን ገደቦች ሁሉ እየጠበቅህ ውረድ» ማለቱ ነው፤ በአማርኛ «በገደቡ ውረድ» ብንለው ይበቃል። «ዲሰንድ ኤንድ ሜንቴን» ካለ ግን በመሃል የነበሩት የመድረሻ መስመሩ ገደቦች፣ እንደገና ካልተጠቀሱ በቀር፣ ተሽረዋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አሠራር በተቃራኒው ነው፤ በመድረሻ መስመር ላይ ያለ አውሮፕላን ዝቅተኛ ከፍታ ቢሰጠውም የታተመው ገደብ በግልጽ እስካልተሰረዘ ድረስ ይጸናል። ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ፓይለት እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለቱም ደንብ ሊበር ይችላል። አንድ መሆን የነበረበት ነገር ይመስለኛል።

የትኛው ገደብ እንደሚጸና ከታወቀ በኋላ የሚቀረው እዚያ መድረስ ነው፤ ይኸም ቀላል አይደለም። ፓይለቶች በጭንቅላታቸው የሚይዙት ስሌት አንድ ሺህ ጫማ ለመውረድ ሦስት የባሕር ማይል ያስፈልጋል የሚል ነው። በ35,000 ጫማ የሚበር አውሮፕላን አንዲትን ነጥብ ልክ በ12,000 ማለፍ ካለበት 23,000 ጫማ መጣል አለበት፤ ስለዚህ 69 ማይል ሲቀረው ቁልቁለቱን ይጀምራል። ያችን መጀመሪያ «ቶፕ ኦፍ ዲሰንት» ይሏታል፤ ለአማርኛ «የቁልቁለት አፋፍ» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁም። ከመሬት አንጻር በሰዓት 480 ማይል ከተጓዘ በደቂቃ 2,700 ጫማ ያህል ይወርዳል። ከኋላ 60 ኖት (በሰዓት 60 የባሕር ማይል) ነፋስ ቢገፋው ያው መንገድ በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅበት በደቂቃ 3,000 ጫማ መውረድ ይኖርበታል።

በዚህ ላይ ፍጥነት አለ። ብዙ ነጥቦች ከከፍታው ጋር የፍጥነት ጣሪያም አላቸው፤ በአሜሪካ ደግሞ ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት በላይ መብረር አይፈቀድም። አባይ በረሃን ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር ይህን ያውቀዋል፦ ቶሎ መውረድና ፍጥነት መቀነስ አብረው አይሄዱም። ፓይለቱ አንዱን ያስቀድማል፤ ካልበቃውም በክንፉ ላይ ስፒድ ብሬክ ይዘረጋል። ተሳፋሪ የሚሰማው ያ መንቀጥቀጥ ከዚህ የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አስልቶ መውረድ ይችላል፤ ወጥመዱም እዚያው ነው። ተቆጣጣሪው በመሃል «ፍጥነት ቀንስ» ወይም «ወደ ግራ ዙር» ሲል የተሰላው ቁልቁለት ይበላሻል። ፓይለቱ ለማካካስ በቦይንግ «ሌቭል ቼንጅ»፣ በኤርባስ «ኦፕን ዲሰንት» የሚባለውን ከመረጠ፣ አውሮፕላኑ በመሃል ያሉትን ገደቦች ሳያይ ፓይለቱ ከፍታ በሚሞላበት የሰሌዳ መስኮት ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ይወርዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፓይለት በዚህ ጊዜ በመስኮቱ ላይ የሚጽፈው የመጨረሻውን ሳይሆን ቀጣዩን ገደብ ነው። ጭራሽ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ነጥቧ ሳትደርስ «አንኤብል»፣ ማለትም «አንችልም» ይላል፤ ተቆጣጣሪው ገደቡን ያነሳለታል ወይም መንገድ ያስረዝምለታል። ነጥቧ ካለፈች በኋላ መናገር ፋይዳ የለውም።

ቦሌ ላይ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ ከ39,000 ጫማ የሚወርድ አውሮፕላን ለደለስ 116 ማይል ገደማ ሲያስፈልገው ለቦሌ 94 ይበቃዋል። አየሩ ስስ በመሆኑ ግን መሣሪያው 140 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ከ155 ይበልጣል፤ ማይሉም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ፍጥነት የሚቀነስበት 10,000 ጫማ ደለስ ላይ ሩቅ ሰማይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከመንደርደሪያው ወደ 2,400 ጫማ ብቻ ከፍ ይላል፤ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ በ500 ጫማ ያህል ይበልጠዋል።