ከዓድዋ ጥይት እስከ ሰቆጣ ራጅ ክፍል

ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር ሲያገኝ፣ በእኛ አገር ክተት ታውጆ ጦሩ ወደ ሰሜን እየተመመ ነበር። ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ሠራዊት ይዘው አምባላጌ ላይ፣ ኋላም ዓድዋ ላይ ተሰለፉ። በዓድዋ ዘመቻ ቆስለው አገራቸው ከገቡት የኢጣሊያ ወታደሮች ሁለቱ በዚያው ዓመት በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ እጅ ራጅ ተነሡ፤ ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ ታየ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ያ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። በራጅ ታሪክ መግቢያ ላይ የእኛ ጥይት አለ፤ የእኛ ቁስለኛ ግን የለም።

የእኛው ቁስለኛ ለወጌሻ ተሰጠ። ወጌሻ ሥጋውን አልፎ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ያለው ጣቱ ነው። እየዳሰሰ ይጠይቃል፣ አጥንቱን መልሶ በእንጨት ደግፎ ያስራል፤ የሚያደርገውንም ሁሉ ዘመድ በተሰበሰበበት እየተናገረ ያደርጋል። ይህን ስል እጁ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም አግዶ ስንቱን እጅና እግር አስቆርጧል። ዛሬም የተሰበረ ሰው መጀመሪያ ራጅ መነሣት አለበት። ነገር ግን ታካሚውን ፊት ለፊት አይቶ ማስረዳት ከወጌሻ ልንወርሰው የሚገባ ነበር። እሱን መንገድ ላይ የጣልነው ይመስለኛል።

ከዓድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ ዘመናዊ ሕክምናም በከተማ ሥር ሰደደ። ለዋግ ሰው ግን ሕክምና ለረጅም ዘመን ከመንገዱ ማዶ ያለ ነገር ሆኖ ቆየ። በሽተኛ በቃሬዛ ይወርድ ነበር፤ በ1977ቱ ረኃብም ሕዝቡ እህልና ሐኪም ፍለጋ ወደ ኮረም በእግሩ ጎረፈ። አሁን በዋግ ከተማ በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ታካሚ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ወልድያ፣ ደሴ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ፣ ያ የሪፈር መንገድ ራሱ ተቆረጠ። በሰላም ዘመን የተሠራው በጦርነት ሲፈርስ፣ እኛም እንደገና ከዜሮ ስንጀምር ይህ የመጀመሪያችን አይደለም።

ታዲያ ራጅ ክፍል የገባ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ጨረሩ ሲያልፍ አይሰማም፣ አያምም፤ ጊዜውም ከደቂቃ አይበልጥም። የአንገት መስቀል፣ ሐብልና ቁልፍ ጥላቸው ፎቶው ላይ ስለሚያርፍ ይወልቃሉ ወይም ገሸሽ ይደረጋሉ። የማተቡ ክር ጉዳት የለውም፤ እሱን በጥሱ የሚል ካለ አታድምጡት። አንድ የደረት ራጅ የሚያደርሰው ጨረራ ከአፈርና ከሰማይ በ10 ቀን ገደማ ከምናገኘው አይበልጥም፤ እንደ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ደግሞ ከሰማይ የሚደርሰው ከቆለኛው ይበልጣል። ቢሆንም እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት አስቀድማ ትናገር።

አልትራሳውንድ ከዚህ ይለያል፤ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ በ1950 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ይህ ምርመራ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረራ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር እናት 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ለሐሞት ከረጢት ምርመራ ሳይበሉ መምጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ለጾመኛ አይከብድም። ለማሕፀን ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ፊኛን መሙላት ይጠየቃል፤ የሚጾሙ እናቶች ስለዚህ የነፍስ አባታቸውን ቀድመው ቢያማክሩ ከሁለት ወገን ጭንቀት ይድናሉ።

ሲቲ ስካን ከራጅ እጅግ የበለጠ ጨረራ ስላለው ያለ በቂ ምክንያት አይታዘዝም። በደም ሥር መድኃኒት ከተሰጠ ሰውነት ለአፍታ ይሞቃል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ወይም መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ይናገር። ኤምአርአይ ደግሞ ጨረራ የለውም፣ የሚሠራው በብርቱ ማግኔት ነው። ጠባብ ነው፣ ይጮኻል፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል። በዋግ ከአንድ ጦርነት በላይ ያየ ሰው ብዙ ነውና እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በሰውነታችሁ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ፣ ቁስሉ ከዳነ ዘመናት ቢያልፉም፣ ማግኔቱ ብረት ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ። ቁስሉን መደበቅ የለመደ፣ ስለ ጦርነቱም ማውራት የማይወድ ሰው እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ሊሸሽጋት አይገባም።

ሌላው ቋንቋ ነው። «ትንፋሽህን ያዝ፣ ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ካልተሰማ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ራጁም ይደገማል። የዋጉን ቋንቋ ኽምጣናን ብቻ የምትናገር እናት አስተርጓሚ ስትጠይቅ የምትለምነው ውለታ አይደለም፤ ምርመራው ራሱ የሚፈልገው ነገር ነው። ውጤቱ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይወጣል። ባለሙያው ፎቶ ሲያነሣ ዝም ካለ አትደንግጡ፤ የሚያነሣውና የሚያነበው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ላከው ሐኪም ስትመለሱ ግን ምን እንደተፈለገና ምን እንደተገኘ በምትሰሙት ቋንቋ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ወጌሻው ሳይጠየቅ ያደርገው የነበረውን ነው የምትጠይቁት።

መጪው ዘመን መሣሪያውን ይበልጥ ወደ መንደር ያቀርበዋል፤ በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ አሁንም በዓለም ላይ አለ። መሣሪያ ግን ጠጋኝ ይሻል፣ መብራት ይሻል፣ ከሁሉም በላይ ሰላም ይሻል። እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለውን እንጠብቅ። የሆስፒታል መዝገብ ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል፤ ስለዚህ የራጅ ፊልማችሁንና የውጤት ወረቀታችሁን እርጥበትና ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ ከቤታችሁ ዋና ሰነድ ጋር አስቀምጡ፤ ሪፈር ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስተያየት የቻለ ሐኪም ሁለተኛ ራጅ ላያስፈልገው ይችላል።