የመጋረጃው ሸማኔ ማነው?

ስለ ጎንደር ዘመን ስናነሣ አፋችን የሚሮጠው ወደ ግንቡ ነው። ድንጋይ አይበሰብስማ! ጨርቅ ግን ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ ለድሀ ይመጸወታል፣ መጨረሻውም መወልወያ ነው። ስለዚህ የሸማኔ ታሪክ እንደ ግንበኛ ታሪክ ቆሞ አይጠብቀንም። ይሁንና ከዚያ ዘመን ተርፈው የደረሱን ጥቂት የሐር መጋረጃዎች አሉ፤ ነገሬ የእነርሱ ነው።

አንደኛው ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የቶሮንቶው ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ ስፋቱም ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ ረጃጅም ክፍሎች ጎን ለጎን ተሰፍተው የተገኘ። መቅደሱን ከምእመናን ዓይን የሚጋርዱ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ናቸው። በለንደኑ ላይ የንጉሣውያን ምስል ተሠርቶበታል፤ ምሁራኑ አፄ በካፋ (1721-1730 እ.ኤ.አ.)፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

እንዴት ከአገር ወጡ? መቼም ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ የናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር፤ ምርኮውን እየመረጠ ሊገዛ ማለት ነው። በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች የተጫነው ንብረት ዳላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተቸበቸበ። ስለ ዘረፋው ብዙ ተጽፏል፣ ገናም ይጻፋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው።

መጋረጃዎቹ የተሠሩት እኛ በምናውቀው የሸማ መሥሪያ አይደለም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል፣ ጥለቱንም በቀለም ማግ ያስገባል። የመጋረጃው ሸማኔ ግን ከዚህ አንዱንም አልፈለገም። የያዘው አራት ማዕዘን ሆኖ በየማዕዘኑ የተበሳ ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ካርታ እንበለውና ሙያውንም የካርታ ሽመና እንበለው። በአራቱ ቀዳዳ አራት የድር ክር ያልፋል። ካርታዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሩብ ዙር ሲዞሩ ከታች የነበረው ክር ወደ ላይ ይወጣል፣ መካከሉ ይከፈታል፣ ማጉ ያልፋል፤ እንደገና ሩብ ዙር። አራቱ ክሮች እርስ በርስ እየተጠማዘዙ ገመድ ይሆናሉ፤ ማጉ ገመዶቹን ከውስጥ ሰፍቶ ይይዝና አይታይም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ሽመና ይመስላል፤ ማግ እዚህ ተደብቆ የሚኖር ሎሌ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ሰንጋ ተራ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የመጫወቻ ካርታ በመቀስ አራት ማዕዘን አድርገን፣ በስተን ሞከርነው። 20 ካርታ፣ 80 ክር። አንዱ ጫፍ ከመስኮት ብረት፣ ሌላው ከወገብ። ካርታው ሁልጊዜ ወደፊት ሲዞር ከኋላው ያለው ድርም አብሮ እየተጠማዘዘ ይጠብቅና መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ወደኋላ እየመለሱ መፍታት ግድ ነው። ሁለት ሰዓት ተሠርቶ የወጣው ስንዝር የማይሞላ፣ ስፋቱ ሁለት ጣት የሆነ መቀነት ነው። ይህም ሥዕል የሌለበት! ሥዕል ለማውጣት ካርታዎቹ አብረው መዞር የለባቸውም፤ አንዱ ወደፊት ሲሄድ ጎረቤቱ ወደኋላ፣ እያንዳንዱ በራሱ ትእዛዝ። መጋረጃው በመቶ የሚቆጠሩ ካርታዎችን ይጠይቃል። አንድ ሰው ብቻውን ሠራው ቢሉኝ አላምንም፤ የሚያዝ፣ የሚቆጥር፣ የሚያዞር ቡድን ነበረ።

ታዲያ እነማን ናቸው? ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ የሀብታም ዕቃ ስለሆነ ያሠራው ባለሥልጣን መሆኑ አያጠራጥርም። የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የእስላሞችና የቤተ እስራኤል እጅ ሥራ ነበር፤ በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን በ1668 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሁለቱም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ማይክል ጀርቨርስ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመጋረጃዎቹን አገር ትግራይ ያደርጉታል። ይህ ለኔ ሚዛን ይደፋል፤ ጀምስ ብሩስ እንኳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልፍ የአድዋ ጥጥ ጨርቅ በመላ አገሪቱ በብር ፈንታ እንደሚዘዋወር ጽፏል። ገንዘብ የሚሆን ጨርቅ የሚሠራ አገር ጥበበኛ አያጣም።

ጎንደርም ይሁን አድዋ፣ ሸማኔው ስም የለውም። አለው ካልን ስሙ ስድብ ነው፤ ቁጢት በጣሽ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ (ከዚያም ወዲያ ቢሆን!) ይህ ቃል የሸማኔ መጠሪያ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ጨርቁ ከመቅደሱ ደጅ ይሰቀላል፣ ካህኑ ያጥነዋል፣ ንጉሡ ይሰግድለታል፤ የሠራው ሰው ግን በእጁ ሥራ ይሰደባል። ዛሬም ምሁር ሁሉ መጋረጃው ፊት ቆሞ የሚጠይቀው «ይህ ንጉሥ ማን ይሆን?» ብሎ ነው።

ሰፈራችን ሰንጋው ሄዶ ስሙ ብቻ የቀረለት ነው፤ ሰንጋ በታሰረበት የባንክ ፎቅ ቆሟል። በመጋረጃው የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ዕቃው ቀረ፣ ስሙ ሄደ። ቅርሱ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም ከጠያቂዎቹ ነኝ። ነገር ግን ነገ በአውሮፕላን ተጭኖ ቢመጣ፣ አንድ ክር ቢበጠስበት የሚቀጥልለት እጅ ከመካከላችን አለ ወይ?

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በካርታ ሽመና ክሩ ወደፊት ሲዞር ወደ አንድ ጎን፣ ወደኋላ ሲዞር ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። የሸማኔው እያንዳንዱ ውሳኔ ጨርቁ ላይ ተጽፎ ይቀራል ማለት ነው፤ ቀርቦ ለሚያይ ሰው የት እንደ ቀጠለ፣ የት እንደ ተመለሰ ይነበባል። እኛ በሚመጣው ቅዳሜ 40 ካርታ ልንሞክር ነው። ለዚያ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ካርታ ተጫዋቾችም ጎደሎ ካርታችሁን አትጣሉ።