አፖስቲል፦ የማኅተም ምስክር

በአሜሪካ ሜሪላንድ የተሰጠ የጋብቻ ሰርተፊኬት እስራኤል ይደርሳል። ሰነዱን የሚቀበለው ሠራተኛ የፈረመውን ሰው አያውቀውም፤ ማኅተሙንም ከዚያ ቀን በፊት አይቶት አያውቅም። ታዲያ በምን ይመነው?

የቀደመው መልስ ምስክር በምስክር ላይ መደራረብ ነበር። የሰነዱን ፊርማ የበላይ መሥሪያ ቤት ያረጋግጣል፤ የእሱን ፊርማ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሚኒስቴሩን ደግሞ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ። በየደረጃው ክፍያ፣ ቀጠሮና ወረፋ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሄግ የተደረገውና በ1965 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ተካው። ወረቀቱ አፖስቲል ይባላል።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መነሻው በጽሑፍ ኅዳግ ላይ የሚታከል ማስታወሻ ማለት ነው። ስምምነቱ መልኩን ሳይቀር ወስኖለታል፦ እያንዳንዱ ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ በቁጥር የተደረደሩ 10 ነጥቦች፣ በአናቱም በፈረንሳይኛ የተጻፈ ርእስ። ሰነዱ የወጣበት አገር፣ የፈረመው ሰው ስምና ሥልጣን፣ የማኅተሙ ባለቤት፣ ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ይሰፍሩበታል። ቁጥሩ ትልቅ ዋጋ አለው። ተቀባዩ ከተጠራጠረ አፖስቲሉን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ይችላል። ሰጪውን መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ አገር ራሱ ይሰይማል። ለሜሪላንዱ ሰርተፊኬት አፖስቲል የሚሰጠው የግዛቲቱ መንግሥት ነው፤ ለፌዴራል ሰነዶች ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት።

አማርኛው ምን ይሁን? «ማረጋገጫ» ብንለው ውክልናም ውልም ከሚጸድቅበት የሰነዶች ማረጋገጫ ሥራ ጋር ይምታታል። «የኅዳግ ማስታወሻ» ለሥርወ ቃሉ ታማኝ ቢሆንም ተግባሩን አይናገርም። እኔ «የማኅተም ምስክር» ይባል እላለሁ። ምክንያቱም ይህ ምስክር የሚመሰክረው ለፊርማው፣ ለፈራሚው ሥልጣንና ለማኅተሙ ብቻ ነው። በሰነዱ ውስጥ ለተጻፈው ቃል አይመሰክርም። አንድ ሰው ኖተሪ ፊት ቀርቦ በሐሰት ቢምልና ወረቀቱ አፖስቲል ቢለጠፍበት፣ ሐሰቱ ሐሰት ሆኖ ይቀራል። ስሙ ይህን ወሰን ከያዘ፣ አፖስቲል ያለበትን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ከመቀበል ያድነናል።

ስምምነቱ ሌላም ወሰን አለው። ኤምባሲና ቆንስላ የሚያወጧቸውን ሰነዶች፣ እንዲሁም በቀጥታ ንግድንና ጉምሩክን የሚመለከቱ አስተዳደራዊ ሰነዶችን አይነካም። አዲስ አባል ሲገባም ነባር አባል መቃወም ይችላል፤ ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል ስምምነቱ አይሠራም። ስለዚህ የአባላቱን ዝርዝር ማየት ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ መቀባበላቸውንም ማጣራት ያስፈልጋል።

ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከ120 በላይ አባላት ያሉት ይህ ስምምነት ሳዑዲ ዓረቢያን በ2022፣ ካናዳንና ሩዋንዳን በ2024 ጨምሯል። ኢትዮጵያ ግን በመካከላቸው የለችም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ወገን ኖተሪ ፊት የፈረመውን ውክልና አፖስቲል አስለጥፎ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ቢልክ፣ እናት መስኮት ላይ ደርሰው ሊመለሱ ይችላሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አባል ላልሆኑ አገሮች አፖስቲል ሳይሆን ሌላ ዓይነት የማረጋገጫ ወረቀት ነው የሚሰጠው፤ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ከዚያም አገር ቤት ያለው ማረጋገጫ ይከተላል። በቀጥታ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚፈረም ውክልና ግን ከመጀመሪያውም የአሜሪካውን ማረጋገጫ አይፈልግም።

እንግዲህ «የማኅተም ምስክር አምጣ» የሚባል ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሰነዱ ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚደርስ ይይ። ምስክር የሚረባው ቃሉን በሚቀበል ዳኛ ፊት ሲቆም ነው።