«ዱልዱንግ» ምን ዓይነት ወረቀት ነው?

ዛሬ ስለ አንድ የጀርመንኛ ቃል እጽፋለሁ። እዚህ ካምፓላ፣ ንቲንዳ ሆኜ «ወንድሜ ጀርመን ወረቀት ወጣለት፤ መቼ ነው የሚወስደን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «የምን ወረቀት?» ስል አንዳንዱ «ዱልዱንግ» ይለኛል። ቃሉ ሳይገባቸው በተስፋ ብቻ የሚጠብቁ ስላሉ ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ዱልዱንግ የመጣው «ዱልደን» ከሚለው ግሥ ነው። ትርጉሙ መታገስ፣ ችሎ ዝም ማለት ነው። ጀርመኖች ትዕግሥትን «ገዱልት» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው። ከላቲን የመጣው የእንግሊዝኛው «ቶለሬት»ም የሩቅ ዘመዱ ነው፤ የሁለቱም ጥንታዊ ሥር «መሸከም» ማለት ነበር።

እኛም «ታገሰ» እንላለን። አበዳሪ «እስከ ወር ድረስ እታገስሃለሁ» ካለህ ቀኑን ገፋልህ እንጂ ዕዳውን አልሰረዘልህም። የጀርመን ሕግ ቃሉን የሚጠቀመው ልክ እንደዚህ ነው።

በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 60ሀ መሠረት ዱልዱንግ ማለት ከአገር የማስወጣቱ ሥራ ለጊዜው ታግዷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ለሆነ፣ ግን ፓስፖርት ስለሌለው ወይም በሕመም ምክንያት ሊመለስ ላልቻለ ሰው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ሰውየው አሁንም የመውጣት ግዴታ አለበት። ለተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶ ሲያልቅ ይታደሳል። እየታደሰ ዓመታት ሲቆጠሩ «ኬተንዱልዱንግ» ይሉታል፤ «ኬተ» ሰንሰለት ነው።

እዚህ ኡጋንዳ ውሳኔ እስኪሰጠን ከምንይዘው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ጋርም አታምታቱት። የዚያ አቻው በጀርመን «ገሽታቱንግ» የሚባለው ነው። እሱ ጉዳዩ ገና እየታየ ላለ ሰው ይሰጣል።

ታዲያ ለቤተሰብ ምን ማለት ነው? በዱልዱንግ ሚስት ወይም ልጅ ማስመጣት አይቻልም። «ይቻላል፣ ገንዘብ አምጡ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ሌላም አለ፦ የዱልዱንግ ባለቤት ከጀርመን ከወጣ ወረቀቱ ያኔውኑ ይሰረዛል። ስለዚህ ለሰርግም ሆነ ለለቅሶ «ብቅ በልና እንይህ» ብላችሁ አትጎትጉቱት።

ይህ ማለት ግን በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙያ ለሚማሩ ሰዎች «አውስቢልዱንግስዱልዱንግ» በራሱ አንቀጽ ተደንግጓል። ትምህርቱን ጨርሶ በሙያው ሥራ ያገኘ፣ የቀሩትን መስፈርቶች ካሟላ፣ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ቋንቋ የቻለ፣ ራሱን የሚያስተዳድርና ብዙ ዓመት የኖረ ሰውም ሌላ መንገድ አለው። የቤተሰብ ጉዳይ የሚነሳው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን እንደ ፈቃዱ ዓይነት ደንቡ ይለያያል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዘመዳችሁን «ወረቀት አገኘህ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁት። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ምንድን ነው?» በሉት። አፍሮ ሳይነግራችሁ የቆየ ሊኖር ይችላልና ስትጠይቁት በፍቅር ይሁን። እሱም እንደናንተው እየጠበቀ ነው።