የባለ ሸራ ጀልባ ሞዴል፦ «አልታይር»
እንጨት፣ ሸራ፣ ገመድ

ዋናዋን ጀልባ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ላይ ያሠራት ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ (1879–1974 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1911 ወደ ጅቡቲ መጥቶ መጀመሪያ ቡናና ቆዳ ነገደ፤ ከዚያ ባሕሩ ሳበው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቀይ ባሕርን በሸራ ጀልባ እያቋረጠ ዕንቁና ጠመንጃ አመላለሰ፣ ኋላም ሐሺሽ። ሰልሞ አብዱል ሐይ ተባለ፤ ከባሕረኞቹ ጋር በቋንቋቸው ያወራ ነበር።

ባሕሩ ያስገኘለትን ገንዘብ ይዞ ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቋመ። ወፍጮውና መብራቱ ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነበሩ፤ የገንዘቡ ምንጭ ግን አብሮ ሊነገር ይገባል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ተባረረ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወርር በብዕሩ ከወራሪው ጎን ቆመ።